«የሞዴሉ ጠባይ ነው» ስለሚባለው አነጋገር
ስለ ቮልስዋገን መሪ የቀረበ አጭር ሂስ

በአራዳና በፒያሳ ቮልስ የነዱ አባቶች ጨዋታ ሲይዙ አንድ ፍርድ ደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም «የድሮው ሞዴል መሪ ለእጅ ይታዘዛል፤ የኋለኛው ግን ግትር ነው» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍርዱን ማጣጣል አይደለም፤ ልዩነቱ ምን ያህሉ ከፋብሪካው፥ ምን ያህሉም ከዕድሜና ከአያያዝ እንደ መጣ ለይቶ ማየት ነው።

አስቀድመን ለፍርዱ የሚገባውን ምስክርነት እንስጥ። ቮልስ ከውጭ ሲያዩት ሁልጊዜ አንድ ይምሰል እንጂ ከውስጡ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። (የሞዴሎቹና የፋብሪካው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ከ1962 ሞዴል ጀምሮ በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ከሚሽከረከር ሮለር ጋር እንዲገናኝ ተደረገ፤ በዚህም ፍትጊያው ቀነሰ። በ1966 ሞዴል የፊት እግሮቹ ይዞሩበት የነበረው ፒን ቀርቶ የኳስ መገጣጠሚያ ገባ። በ1971 ሞዴል 1302 የተባለው ዓይነት የፊት ተሸካሚውን በሙሉ ለወጠ፤ በ1975 ሞዴል ደግሞ 1303 የተባለው በጥርሳም ዘንግ የሚሠራ መሪ አገኘ። ስለዚህ የ1960ንና የ1975ን ቮልስ ነድቶ «መሪያቸው አይመሳሰልም» የሚል ሰው እውነት ተናግሯል።

ሆኖም ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንዲህ በተራራቁ ዘመናት መካከል አይደለም። ጸሐፊው የሰማው ክርክር ስለ 1963 እና ስለ 1964 ሞዴሎች ነበር፤ የሁለቱም የመሪ አሠራር ግን አንድ ዓይነት ነው። የ1963ቱ መኪና የጸሐፊው አጎት፥ የ1964ቱ የአንድ ጎረቤት ነው። ሁለቱንም በየተራ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተነሥተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ፖስታ ቤት ነዳናቸው። የ64ቱ መሪ ከበደ፤ ከታጠፈም በኋላ ወደ መካከል አልመለስ አለ። የ63ቱ ቀላል ነበር። የአባቶች ፍርድ የጸና መሰለ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር መረመርን። አንደኛ፥ የ64ቱ የፊት ጎማዎች ነፋስ አንሷቸው ነበር። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለ ሆነ የፊት ጎማው ነፋስ ከኋላው ማነስ አለበት፤ ይህ ግን ከልኩ በታች ይውረድ ማለት አይደለም። በልኩ ሲነፋ ክብደቱ በብዙ ቀለለ። ሁለተኛ፥ የመሪውን ልልነት ለማጥፋት በሳጥኑ ላይ ያለው ማስተካከያ ብሎን ከመጠን በላይ ጠብቆ ነበር። ጥርሱ ይበልጥ የሚበላው መሪው ቀጥ ብሎ በሚቆምበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። በዚያ ቦታ ያለው ልልነት እስኪጠፋ ብሎኑ ሲጠብቅ፥ ባልተበላው ጥርስ ላይ፥ ማለት በመታጠፊያ ላይ፥ መሪው ይነክሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

የሚያሳስበው ግን የተመሰገነው የ63ቱ ነው። ቅለቱ በከፊል ከልልነት የመጣ ነበር፤ አንዱ ቴስቲና አልቆ ነበርና። አጎቴ ቀደም ብለው «መሪው ይሸሸኛል» ብለው አንድ ጋራዥ ሲጠይቁ «የሞዴሉ ጠባይ ነው፤ ይልመዱት» ተብለዋል። ለመዱትም። በክረምት አንድ ቀን በዚያው ቁልቁለት መኪናው ወደ ግራ ሸሽቶ ከሚወጣ አውቶቡስ ጋር ሊጋጭ ጥቂት ቀርቶት ተርፈዋል። ቴስቲናው ሲቀየር የ63ቱና የ64ቱ መሪ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው የማይለይ ሆነ።

ይህን ስንል የነጂ እጅ አይታመንም ማለታችን አይደለም። ጥፋቱን ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው የአጎቴ እጅ ነው። ቃላቸውም «ከፋሲካ ወዲህ ተለወጠብኝ» የሚል ነበር። የሞዴል ጠባይ ከሆነ ግን መኪናው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያለ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ሊጀምር አይችልም። ጋራዡ የሰማውን ቃል ቢመረምር ኖሮ መልሱ በውስጡ ነበር። ስሕተቱ የእጅ ሳይሆን የትርጓሜ ነው።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በጀርመን ጣራው የማይታጠፈው የዚህ መኪና ዓይነት ሥራ በ1978፥ በሜክሲኮ ደግሞ በ2003 ቆሟል። ስለዚህ ዛሬ የምናወዳድራቸው ቮልሶች ሁሉ ያረጁ ናቸው፤ አባቶች ግን የሚያወዳድሩት በወጣትነታቸው አዲስ ሆኖ የነዱትን ዛሬ አርጅቶ ከሚነዱት ጋር ነው። በዚህ ሚዛን አዲሱ ሁልጊዜ ይረታል።

ሁለት መኪና ሕግ አያቆምም። ቢሆንም አንድ ነገር መማር ይቻላል፤ መሪ ሲያስቸግር «ስንት ሞዴል ነው?» ከማለት በፊት «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ፊተኛው ጥያቄ ክርክር ያስነሣል፤ ሁለተኛው ግን ሰው ያተርፋል። ብዙ መኪናዎችን በልክ የመረመረ አንባቢ ይህን ሐሳብ ቢያርመው ጸሐፊው በደስታ ይቀበላል።