በቼኾቭ «ክፍል ቁጥር 6» ውስጥ ስላለው ሐኪም ዝለት

አንቶን ቼኾቭ እ. ኤ. አ. በ1892 ያሳተመው «ክፍል ቁጥር 6» የተባለው ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው እንደ ፍልስፍና ክርክር ነው። በአንድ ወገን መከራን በኅሊና ጽናት መናቅ ይቻላል የሚለው ዶክቶር ራጊን ይቆማል፤ በሌላው ወገን በአእምሮ ሕሙማን ክፍል ተዘግቶበት የሚኖረው ግሮሞቭ፥ የተመታ ሰው መጮኹ ሕያው መሆኑን ያሳያል ብሎ ይመልስለታል። ይህ አነባበብ ስሕተት ነው አንልም፤ ነገር ግን የሐኪሙ ፍልስፍና ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ያልፋል። በእኛ አስተያየት ፍልስፍናው የዝለቱ ውጤት እንጂ ምክንያቱ አይደለም።

ደራሲው ቅደም ተከተሉን በግልጽ አስቀምጦታል። ራጊን ወደ ከተማዪቱ ሲመጣ ያገኘው ሆስፒታል ሁለት የቀዶ ጥገና ምላጭ ብቻ ያለው፥ ቴርሞሜትር የሚባል ነገር ያልነበረው፥ በገላ መታጠቢያው ገንዳ ድንች የሚቀመጥበት ነበር። (ድንቹን አንድ ጊዜ ያነበበ ሰው የሚረሳው አይመስለንም።) ቢሆንም በመጀመሪያው ጊዜ ተግቶ ሠርቷል፤ ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት በሽተኛ ያያል፥ ቀዶ ጥገና ያደርጋል፥ ያዋልዳልም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ ዛሬ 30 በሽተኛ፥ ነገ 35፥ ከነገ ወዲያ 40፤ በከተማው የሚሞተው ሰው ግን አልቀነሰም። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጧት በቅጡ መመርመር ስለማይቻል፥ በዓመት 12,000 በሽተኛ ታየ ተብሎ ሲመዘገብ ራጊን ያን ያህል ሰው እንደ ተታለለ ይቈጥረዋል። ሞት የሁሉ ዕጣ ከሆነ ማከም ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ነው።

ማስላክና ጃክሰን በ1981 ይህን ዝለት ለመለካት ባወጡት መጠይቅ ሦስት ነገር ይመረምራሉ፤ የስሜት መድከም፥ ከሚያገለግሉት ሰው ልብ መራቅ፥ የሠሩት ሥራ ከንቱ መምሰል። ሦስቱም በራጊን ላይ ይታያሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ከበሽታ አልቈጠረውም፤ በሚገባ ካልተያዘ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ ነው ይላል። በሚገባ መያዝ የነበረበት ማን ነው? ሐኪሙ ነው ወይስ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው?

ራጊን ከመነሻውም ደካማ ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ማዘዝና መከልከል አይችልም፥ የሐሰት ሒሳብ ሲያቀርቡለት ፊቱ እየቀላ ይፈርማል፤ እርሱ ሲፈላሰፍ ዘበኛው ኒኪታ ሕሙማኑን ይደበድባል። መዛሉ ኒኪታን ዝም ያለበትን ዘመን አይፍቅለትም፤ የተደበደቡት ሰዎች ግን ከድካሙም ከድክመቱም አስቀድሞ መቈጠር አለባቸው።

የማንስማማው ከፍጻሜው ጋር ነው። ራጊን በዚያው ክፍል ይዘጋበታል፥ ኒኪታ ይመታዋል፥ በማግሥቱም ይሞታል። አንባቢ ፍርዱ ተፈጸመ ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል፤ የ40ው በሽተኛ ጉዳይ ግን እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። ቼኾቭ ራሱ ሐኪም ሆኖ፥ በዚያው በ1892 ኮሌራን ለመከላከል 25 መንደሮችን ያለ ደመወዝ ሲጠብቅ ሳለ፥ ይህን ሒሳብ ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበር። የራጊንን ቦታ ወጣቱ ኾቦቶቭ እንደ ወሰደ ነግሮናል፤ በእርሱ በር ጧት ጧት ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ግን አልነገረንም።