ጌታና አሽከር በኮሜዲ መድረክ

ሥራ ፈት ጌታና ብልህ አሽከር የአስቂኝ ድርሰት ጥንዶች ከሆኑ ረጅም ዘመን ነው። በጥንታዊት ሮማ የፕላውቱስ ባሪያዎች ለወጣት ጌቶቻቸው ተንኮል ይሸርባሉ፤ የሞልየር ስካፐንም የእነርሱ ዘር ነው። የቦማርሼ ፊጋሮ ግን ከጌታው ጋር ተፋጥጦ ለራሱ ፍቅርና ክብር ይሟገታል። ስለዚህም ተውኔቱ በሉዊ 16ኛ ታግዶ ቆይቶ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1784 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 ብቅ ያለው የእንግሊዛዊው ደራሲ የዉድሃውስ ጂቭስ ከሁሉም ለዘብተኛው ነው፤ ቂሉን ጌታውን በርቲ ዉስተርን ካልፈለገው ጋብቻ ያድነዋል፣ ሥርዓቱን ግን አይነካም።

ሳቁ ከየት ይመነጫል? ማዕረግ በአንዱ ዘንድ፣ አእምሮ በሌላው ዘንድ ከመሆኑ ነው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ከልብ ወለዶቹ በአንዱ ውስጥ ዉስተር ባንጆሌሌ የተባለውን የክር መሣሪያ መምታት አልተውም ቢል ጂቭስ ሥራውን ይለቃል። ቀልዱ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አሽከሩ ደመወዝተኛ ነው፤ መሄድ ይችላል።

ይህን ጥንድ ወደ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የቡና ምድር የሚያመጣ ጸሐፊ ሌላ ታሪክ ይጠብቀዋል። ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ በካፋ፣ በጊሚራና በማጂ ገባሩ ለባለ ገባሩ ያርስ፣ እህል ይፈጭ፣ እንጨት ይሸከም ነበር። የባሪያ ፈንጋይም መንደሮችን አራቁቷል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ጂቭስ እጅ ነሥቶ ይሰናበታል፤ ገባሩ ግን በሌሊት ይጠፋ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ጌታውን እንደ ዉስተር የሚወደድ ቂል አድርጎ ማቅረብ ግፉን በሳቅ ማጠብ ይሆናል።

የአማርኛ ተውኔት ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ባቀረበው «ያላቻ ጋብቻ» የተማረው ባሕሩ የጌትነትን ኑሮ ንቆ ገጠር ገብቶ ያስተምራል፤ የቤቱን ሠራተኛ በለጤንም ያገባል። ተውኔቱ ሥራ ፈትነትን ራሱን ማፈሪያ በማድረጉ ከዉድሃውስ ርቆ ሄዷል። ሆኖም የእኩልነቱን ክርክር በአመዛኙ የሚከራከረው ጌታው እንጂ ሠራተኛይቱ አይደለችም። በለጤ ከፍ ትደረጋለች፤ ከፍ የምትለው ግን በሰው እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ጭውውቶች ከዚህም ወደ ኋላ ተመልሰዋል። ዘበኛው ወይም ሠራተኛይቱ የሚያስቁት በብልሃታቸው መሆኑ ቀርቶ አማርኛ ሲናገሩ አፋቸው ስለሚሰበር ሆኗል። የቤንች ወይም የሸኮ ልጅ በአዳራሽ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ቀልድ ሲያይ የሚሳቀው በማን ላይ እንደሆነ አይጠፋውም። ፕላውቱስ ለባሪያ የሰጠውን አእምሮ የእኛ መድረክ ለዘበኛ መንፈጉ ያሳፍራል።

ስለዚህ በቡናው ምድር ቴያትር የሚያዘጋጁ መምህራንና ከያንያን ጥንዱን ይውሰዱት፤ ነገር ግን ሚዛኑን ይለውጡት። ጀንፈል ገዝቶ በስልክ የሚነግድ ነጋዴና በለቀመው ኪሎ ልክ የሚከፈለው ለቃሚ ለኮሜዲ በቂ ናቸው። የብልሃቱ ፍሬ ግን ለብልሁ ይድረሰው። ለቃሚው በገዛ ቋንቋው ያስብ፤ ቀልዱም ከሚዛን ድንጋዩ ይጀምር።