ከባንድ ወደ ራስ ስም፦ የአስቴር አወቀ ጉዞ

ለጎንደር አድማጭ ብቻውን የሚዘፍን ድምፃዊ እንግዳ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይመታል፤ ግጥሙን ይደረድራል፤ ዜማውንም በራሱ ድምፅ ያወጣል። አጃቢና ታጃቢ በአንድ ሰው ውስጥ ናቸው። ዘመናዊው ባንድ በከተሞቻችን ሲስፋፋ ግን ይህ አንድነት ተከፈለ፤ ድምፃዊው ከፊት፣ መሣሪያ ተጫዋቹ ከኋላ ሆነ። እንግዲህ ድምፃዊው ከባንዱ ተለይቶ በራሱ ስም ሲቆም ምን ይዞ ይወጣል? ምንስ ይጎድልበታል?

ለዚህ ጥያቄ የአስቴር አወቀ ጉዞ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው አስቴር፣ በሀገር ፍቅር ቴአትር ዘፍና፣ ከኮንቲኔንታል፣ ከሆቴል ዳፍሪክ፣ ከሸበሌና ከአይቤክስ ባንዶች ጋር ሠርታለች። በራሷ ስም እንድትወጣ ያበረታታት አሳታሚው አሊ አብደላ ኬይፋ (አሊ ታንጎ) ሲሆን፣ 5 ካሴቶችና 2 ሸክላዎች በእርሱ ወጪ ታትመውላታል። ወቅቱም ገፋፊ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የባንዶችን የምሽት መድረክ ሲያጠብ፣ ካሴት ዘፈኑን በየቤቱ አደረሰ፤ በካሴቱ ልባስ ላይ የሚታየው ግን የድምፃዊው ፊት እንጂ የተጫዋቾቹ አልነበረም።

ስለሆነም ለብቻ መውጣት የችሎታ ብቻ ሳይሆን የገበያም ውጤት ነው። ይሁን እንጂ አስቴርን ያቆማት ገበያው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከሄደች በኋላ፣ በ1989 የለንደኑ ትሪፕል ኧርዝ ያሳተመላትን «አስቴር» የተሰኘ አልበም ያዳመጠ ሁሉ ይህን ይረዳል። ድምፅዋ ሐረጉን ያስረዝማል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይሰብራል፤ ከዚያም ለመሣሪያው መልስ ቦታ ይለቃል። ይህ ከቡድን ጋር የኖረ፣ ማዳመጥን የተማረ ድምፅ ነው። ብቻዋን ስትቆምም ባንዱን በጆሮዋ ይዛ ወጥታለች።

ኋላ በተስፋፋው የአንድ ኪቦርድ ቅንብር በርካታ ድምፃውያን ያጡት ይህንኑ ነው። ድምፁ ይጠራል፤ የሚመልስለት ግን የለም። ብቻውን የቀረው ዘፋኝ የአዝማሪውን ያህል እንኳ አጃቢ አላገኘም፤ አዝማሪው ቢያንስ ማሲንቆው በእጁ ነው።

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ደጋ ወረዳዎች የኪነት ቡድን የምንመራና ወጣቶችን የምናስተምር ሁሉ ከዚህ ትምህርት ልንወስድ ይገባል። ባለተሰጥኦዋ ወጣት በራሷ ስም መውጣቷን እንደ ክህደት አንቁጠረው። አስቀድማ ግን በቡድን ውስጥ ማዳመጥን ትማር፤ ሥራዋ ሲታተምም የከበሮ መችው፣ የክራር ደርዳሪውና የማሲንቆ ተጫዋቹ ስም ከእርሷ ስም ጋር ይጻፍ።