ሐዋርያ የሚለው ቃል በቁርኣን

ኖልደከ በ1910፥ ጄፍሪም በ1938 በአውሮፓ አቈጣጠር፥ በቁርኣን ውስጥ የግዕዝ ቃላት መኖራቸውን መርምረው ጽፈዋል። አንባቢ ሆይ፥ አምስተኛው ምዕራፍ አልማኢዳ ይባላል፤ ማእድ ማለት ነው። በዚያም ሐዋሪዩን ከሰማይ ማእድ ይወርድላቸው ዘንድ ዒሳን ሲጠይቁ ይነገራል። ከዐረብ ተርጓሚዎች አንዳንዶቹ ሐወር ንጣት ነውና ስለ ልብሳቸው ንጣት እንዲህ ተባሉ ብለው ፈቱት። ይህ አልሰመረም፤ በቢቸና አገር በዲማ ጊዮርጊስ ግስ የጀመረ ልጅ እንኳ ሖረ ሄደ፥ ሐዋርያ ሂያጅ፥ አንድም ልኡክ ብሎ ይፈታዋል። የጽርዑ አፖስቶሎስም የተላከ ማለት ነው።

ነገር ግን ሁሉ እንዲህ የጸና አይደለም። ጣጉት የተባለው ከጣዖታችን ይሁን ከሶርያ ለመለየት ያስቸግራል፤ ግዕዝ ራሱ ጣዖትን ከአራም ልሳን ተቀብሎአልና። ቃሉ የእኛ ስለ ሆነ መጽሐፉም ከእኛ ተቀዳ የሚል ቢኖር ግን ፈጥኖአል። ታቦት የሚለው ስም ከአራም ልሳን መጣ፤ ታቦታችንን የባዕድ ነው የሚል ማን ነው? በ1505 የሞተው የእስላም ሊቅ ሱዩጢም ሚሽካት፥ ይኸውም መስኮት፥ የሐበሻ ቃል ነው መባሉን ሳያፍር ጽፎአል።