የኤክሰተር ሞላላ ጠረጴዛ፤ ለማን ታሰበ? ማንስ ተቀመጠበት?

በዩናይትድ ስቴትስ በኒው ሃምፕሸር ግዛት የሚገኘው ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ ከመንግሥት እጅ ውጭ ሆኖ በራሱ ሀብትና በራሱ ቦርድ የሚተዳደር፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ለኮሌጅ የሚያሰናዳ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በመምህራን ዘንድ ስሙ የሚነሣው ግን በዕድሜው ወይም በሀብቱ ሳይሆን በአንድ የቤት ዕቃ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ዐሥራ ሁለት ተማሪዎችና አንድ መምህር ከብበው የሚቀመጡበት ሞላላ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ ብዙ ምስጋና ተጽፏል፤ እኛም ምስጋናውን በከፊል እንቀበላለን። ነገር ግን ጠረጴዛው በመጀመሪያ ለየትኛው ልጅ እንደ ታሰበ ስንመረምርና ዛሬ የሚቀመጥበትን ልጅ ስንመለከት፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ዝም ተብሎ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም።

ትምህርት ቤቱን በ1781 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ያቋቋሙት ጆን ፊሊፕስ የተባሉ ባለጸጋና ባለቤታቸው ኤልሳቤጥ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት የወንድማቸው ልጅ ሳሙኤል ፊሊፕስ በማሳቹሴትስ ግዛት በአንዶቨር ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። የኤክሰተር መሥራቾች በጻፉት ሰነድ ላይ ዕውቀት ያለ በጎነት አደገኛ እንደ ሆነና በጎነትም ያለ ዕውቀት ደካማ እንደ ሆነ አስታውቀዋል፤ ትምህርት ቤቱም ከየአቅጣጫው ለሚመጡ ወጣቶች ክፍት እንዲሆን አዘዋል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ላደግነው ይህ አነጋገር እንግዳ አይደለም። ቃሉ በሥራ የተተረጐመው ግን ቀስ በቀስ ነው። በዋናው ሕንፃ በር ላይ በላቲን የተቀረጸው ጽሑፍ የሚጠራው ወንዶች ልጆችን ብቻ ነበር፤ ሴቶች ልጆች በ1970 ዓ.ም. መግባት ከጀመሩ በኋላ እንኳ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በዚያ ጽሑፍ ሥር እያለፉ ሲማሩ ቆይተው፣ እነርሱንም የሚጠራው ሁለተኛው ጽሑፍ የታከለው በ1996 ዓ.ም. ነው።

ጠረጴዛው የመጣው በ1930 ዓ.ም. ነው። ሚስተር ኤድዋርድ ሃርክነስ አባታቸው ከስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ያገኙትን ታላቅ ሀብት የወረሱ ሰው ነበሩ፤ ከትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ከሚስተር ሉዊስ ፔሪ ጋርም ወዳጅነት ነበራቸው። ለትምህርት ቤቱ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ፈቀዱ፤ ሆኖም መምህራኑ መጀመሪያ ያቀረቡት ዕቅድ በቂ ለውጥ የለበትም ብለው መለሱት። በዚያን ጊዜ የነበረው ልማድ ተማሪው ያጠናውን በመምህሩ ፊት እንዲደግም ማድረግ ነበርና፣ ሚስተር ሃርክነስ ይህ እንዲቀር ፈለጉ። ለዲሬክተሩ በጻፉት ደብዳቤ የገለጡት ሐሳብ ጥቂት ልጆች ከመምህራቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ፣ በዚያም መካከለኛው ወይም ከመካከለኛው በታች የሆነው ልጅ ደፍሮ እንዲናገርና የሚያስቸግረውን ነገር እንዲያወጣ ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ጕበዙ ልጅማ በየትኛውም ወንበር ላይ ቢቀመጥ ይናገራል።

አሠራሩን ስንመለከት፣ ተማሪው ምንባቡን ወይም ጥያቄዎቹን ማታ በመኝታ ቤቱ ሠርቶ ይመጣል፤ በማግስቱ ዐሥራ ሁለቱ ፊት ለፊት እየተያዩ ይነጋገራሉ፤ መምህሩም አብሮ ተቀምጦ ነገሩ ከመንገድ ሲወጣ ይመልሳል እንጂ ትምህርቱን እርሱ ብቻውን አያወርደውም። የኋላ መቀመጫ የሚባል ነገር ስለሌለ የሚደበቅበት ስፍራ የለም። ከጠረጴዛው ሥር እየተሳበ የሚወጣ ሳንቃ አለ፤ ፈተና ሲሆን ልጁ ሳንቃውን ስቦ ከባልንጀራው ራቅ ብሎ ይጽፋል። በሒሳብ ትምህርት ደግሞ መምህራኑ ራሳቸው ያዘጋጁት የጥያቄ ጥራዝ አለ እንጂ እንደ ልማዱ ሕጉን አስቀድሞ የሚናገር መጽሐፍ የለም፤ ልጁ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ሲሻገር ሕጉ ላይ ራሱ ይደርሳል። በእኛ አስተያየት ከጠረጴዛው ይልቅ የሚደነቁት እነዚህ ጥራዞች ናቸው፤ ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲያገኛቸውም ተደርጓል። ሞላላውን ጠረጴዛ የማይገዛ ትምህርት ቤት ጥራዙን ሊወስድ ይችላል ማለት ነው።

አንዳንድ መምህራን ውይይቱን ለመከታተል በወረቀት ላይ ሞላላ ሥዕል ሥለው የተማሪዎቹን ስም በዙሪያው ይጽፋሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር በተነጋገረ ቍጥርም መስመር ያሰምራሉ። በሰዓቱ መጨረሻ ወረቀቱ የሸረሪት ድር ይመስላል፤ ያልተናገረው ልጅ ስም ብቻውን ቀርቶ ይታያል። ይህ ለመምህሩ መልካም መስተዋት እንደ ሆነ እናምናለን። ነገር ግን መስመር የሚቈጥር ሰው የንግግርን ብዛት ያውቃል እንጂ ዝም ያለው ልጅ ምን እያሰበ እንደ ነበር አያውቅም። ትልቅ ሰው ባለበት ልጅ አይናገርም ተብሎ ያደገ ተማሪ በዚያ ወረቀት ላይ ሰነፍ መስሎ ይታያል፤ እኛ ከእንደዚህ ያለው ቤት የመጣን ሁሉ ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን።

ስለ ዝምተኛው ልጅ ከተነሣ ዘንድ የትምህርት ቤቱ የራሱ ታሪክ የሚመሰክረው ነገር አለ። ዳንኤል ዌብስተር በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በንግግር ችሎታቸው እጅግ የታወቁ ሰው ነበሩ። በ1796 ዓ.ም. ግን በኤክሰተር ተማሪ ሳሉ በጓደኞቻቸው ፊት ቆሞ መናገር ፈጽሞ እንዳልቻሉ፣ ተራቸው ሲደርስና ስማቸው ሲጠራ ከመቀመጫቸው መነሣት ያቅታቸው እንደ ነበር ራሳቸው ጽፈዋል። በዚያ የቈዩትም ከአንድ ዓመት ለሚያንስ ጊዜ ነው። ጠረጴዛው በዚያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ይህን ልጅ ይረዳው ነበር ወይስ መስመር የሌለው ስም ያደርገው ነበር? ሚስተር ሃርክነስ ያሰቡለት ልጅ እንዲህ ያለው እንደ ነበር ግን አያጠራጥርም።

እንግዲህ ዛሬ ማን ተቀምጧል? ትምህርት ቤቱ 1100 ያህል ተማሪዎች አሉት። ለመግባት ከሚያመለክቱት ብዙዎቹ ይመለሳሉ፤ የሚገቡትም በማርክ፣ በመምህራን ምስክርነትና በቃለ መጠይቅ ተመርጠው ነው። የአዳሪ ተማሪ የዓመት ክፍያ ከ60000 ዶላር በላይ ነው። ትምህርት ቤቱን በዚህ ብቻ መውቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. የዓመት ገቢያቸው ከ75000 ዶላር የማይበልጥ ቤተ ሰቦች ልጆች ያለ ክፍያ እንዲማሩ ወስኗል፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ አመልካቹ መክፈል ይችል ወይም አይችል እንደ ሆነ ሳይታይ እንደሚቀበል አስታውቋል። እነዚህ ትልልቅ ውሳኔዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የከፈቱት በር ለድኻው ጕበዝ ልጅ ነው። መካከለኛው ልጅ፣ ድኻም ይሁን ባለጸጋ፣ ከበሩ ውጭ እንደ ቆመ ነው። ጠረጴዛው ለእርሱ ተሠርቶ ሳለ ወደ ጠረጴዛው የሚያደርሰው ፈተና እርሱን ለማስቀረት የተሰናዳ ሆኗል። የነቀፋችንም ፍሬ ነገር ይህ ነው።

በዚህ ረገድ የደራሲው የጆን ኧርቪንግ ታሪክ ያስተምራል። በ1961 ዓ.ም. ከኤክሰተር የጨረሱት እኒህ ሰው በትምህርታቸው ደካማ ነበሩ፤ አራቱን ዓመት በአምስት ፈጽመዋል፤ ፊደል የሚያምታታ የንባብ ችግር እንደ ነበረባቸው የታወቀውም ብዙ ዘመን ቈይቶ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ቆይተው በመጨረሻ ታላቅ ደራሲ ወጣቸው። ነገር ግን እንጀራ አባታቸው በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ያለዚህ ዝምድና እንዲህ ያለ ተማሪ በሩን አልፎ ይገባ ነበር ብሎ ማመን ለእኛ አስቸጋሪ ነው።

አንድ ተቃዋሚ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ ዐሥራ ሁለት ጕበዞች በአንድነት ሲቀመጡ ከእነርሱ መካከል መካከለኛ የሚሆን አይጠፋም፤ ስለዚህ የሚስተር ሃርክነስ ሐሳብ አልፈረሰም። ይህ አነጋገር ከፊል እውነት አለው፤ ከትንሽ ከተማ አንደኛ ሆኖ መጥቶ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ዐሥራ ሁለተኛ የሚሆን ልጅ ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የእርሱ ችግር ማዕርግ ማጣት ነው፤ ያኛው ልጅ ግን ነገሩ ራሱ አልገባውም። ሁለቱን አንድ ማድረግ በሽተኛውንና የደከመውን በአንድ አልጋ እንደ ማስተኛት ነው።

ትምህርት ቤቱ ለልጆች ያሰናዳውን የክረምት ትምህርትም በዚሁ ዓይን አይተነዋል። በ1919 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ትምህርት አምስት ሳምንት የሚቆይ ሲሆን ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ ታናናሾችንም ጭምር ወደ ጠረጴዛው ያቀርባል፤ ግን ዋጋው ከባድ ነው፤ አምስት ሳምንትም የዝምተኛን ልጅ አንደበት ለመፍታት አይበቃም። ከዚህ ይልቅ በአንዶቨር በ1977 ዓ.ም. የተጀመረው የሒሳብና የሳይንስ የክረምት ትምህርት የበለጠ ያስደስታል፤ የጥቍሮችንና የሌሎች አናሳ ወገኖችን ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወስዶ ሦስት ክረምት ያለ ክፍያ ያስተምራልና። እርሱም ቢሆን የሚፈልገው በሒሳብ ተስፋ ያሳዩትን ነው።

ይህን ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ትምህርት ቤት መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከታወጀ ወዲህ ተማሪውን ማዕከል ያደረገ ትምህርት የሚለው ቃል በሁላችን ጆሮ የተለመደ ሆኗል። አንድ ለአምስት ተብለን ስንደራጅ የሆነውንም እናስታውሳለን፤ አንዱ ጕበዝ ሠራ፤ አምስቱ ስማቸውን ጻፉ። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ወንበሩን ማዞር ይቻላል፤ መምህሩ ግን አሁንም አንድ ነው። ስለ ሞላላው ጠረጴዛ የሚያወሩልን ሰዎች ዐሥራ ሁለት የሚለውን ቍጥር አብረው ቢነግሩን ደግ ነበር።

ለኤክሰተር የምናቀርበው አስተያየት ግን ቀላል ነው። ከሚያመለክቱት መካከል በማርካቸው መካከለኛ የሆኑትን ለይቶ፣ ከእነርሱ በዕጣ ዐሥራ ሁለት ልጆች ይውሰድ፤ በተመሳሳይ መምህራን፣ በተመሳሳይ ጥራዝ አራት ዓመት ያስተምራቸው፤ በያመቱም የሆነውን፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ሳይሸሽግ ያውጣ። ሀብቱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ለሆነ ትምህርት ቤት ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ክፍልና አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛውም አለ።