የክርኑ ቦታ

በሾፌሩ በር ላይ፣ መስታወቱ በሚገባበት ጠርዝ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ነበረች። ቀለሟ አልቆ፣ ከሥሩ ያለው አንቲረስትም አልቆ፣ ብረቱ ወጥቶ ያበራል። አባቴ የግራ ክርኑን የሚያሳርፍባት ናት። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር እህል ጭኖ ሲመላለስ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በሹራቡ እጅጌ እየፈተገ ያጠራት እሱ ነው። ካረፈ በኋላ ፒክአፗን አሳደስናት። ከዚያ ወዲህ የአባታቸውን ወይም የወንድማቸውን መኪና ያሳደሱ ሰዎች «እስቲ መጥተህ እይልን» ሲሉኝ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው የክርኑ ቦታ ላይ ነው።

አሮጌ መኪና ላይ ያለው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን ዝናብ፣ ጭቃና ጊዜ አድርሰውታል፤ ሌላውን ሰውየው እየኖረ አትሞታል። ለሽያጭ የታደሰ መኪና ሁለቱንም ቢያጠፋ አልፈርድበትም። ለማስታወሻ የታደሰው ግን የመጀመሪያውን ከሥሩ ነቅሎ ሁለተኛውን መተው አለበት። አለዚያ ቤተሰቡ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው የማያውቀውን ሰው መኪና ግቢው ለማቆም ነው።

የምናገረው በደንብ ስለማውቀው ስለ ላንድክሩዘር ነው፤ ክብ መብራት፣ ጠፍጣፋ የፊት መስታወት ስላለው፣ ቶዮታ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ስለሠራው የባለ 40ው ዘር ፒክአፕ። ቤንዚኑ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ የቀድሞው 3.9፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለው 4.2 ሊትር።

የታደሰውን ለማየት ጠዋት ማልደው ይሂዱና ኮፈኑን በመዳፍዎ ይዳስሱ። ሞቆ ከጠበቀዎት ቀድሞ ያስነሳው ሰው አለ፤ ሳይጨቃጨቁ በማግስቱ ይመለሱ። የደከመ ፋሻና ዘይት የሚያሳልፍ የቫልቭ ጎሚኒ የሚታወቁት ሞተሩ ከቅዝቃዜ በተነሳባት የመጀመሪያ ደቂቃ ነው፤ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ሲሞቅ ደግሞ ጆሮዎን ይስጡት። የዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተት በእጅ የሚስተካከል ነው፤ ሞተሩ እንደሞቀ የማስገቢያው 0.20፣ የማስወጫው 0.35 ሚሊሜትር። ልክ ሲሆን እንደ ልብስ ስፌት መኪና እኩል፣ ለስለስ ያለ ቲክ ቲክ ይሰማል። ብዙ ባለቤት ይህን ድምፅ ይጠላና «ዝም አሰኙልኝ» ይላል፤ እሺ ባይ መካኒክም ያጠብቀዋል። የጠበቀ ቫልቭ መቀመጫው ላይ በደንብ አይገጥምም፤ ሙቀቱን የሚያቀብልበት ስለሚያጣ ይቃጠላል። ስለዚህ ፍጹም ዝም ያለ ሞተር ያሳስበኛል። የአባቴን ቲክ ቲክ እናቴ ገና መታጠፊያው ላይ ሳይደርስ ትለየው ነበር፤ ጀበናውን የምትጥደው ያኔ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ካርቡራተሩን ሳያስተካክል መኪናውን ያስረከበ ሥራውን አልጨረሰም። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ በተለካ የነዳጅ ቀዳዳ የሚሠራ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጣትዎን በጭስ ማውጫው ጫፍ ውስጥ ያዙሩት፤ ዱቄት የመሰለ ጥቁር ጥቀርሻ ይዞ ከወጣ በዝቷል። ካንዴላ አስፈትተው ቢያዩ ይበልጥ ይረዱታል፤ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ ልክ ነው። ከዚያ ወደ እንጦጦ ይውጡ። ሲመለሱ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ እግርዎን ከነዳጅ አንስተው ይውረዱ፤ ማርሹ ራሱ ተፈናጥሮ ከወጣ ካምቢዮው አልተሠራም ማለት ነው። ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን ከሳበም ይመልሱት። የፍሬን ጎማ፣ የነዳጅ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ለትዝታ ቦታ የለም፤ አዲስ ይሁኑ። ብረቱን ግን ሶማሌ ተራ ዞሮ ያገለገለ ኦርጅናል የፈለገ ሰው ዕቃውን ያውቃል።

ቦዲው ላይ እቆያለሁ፤ ሰው የሚታለለው እዚያ ነው። የቀትር ፀሐይ ምንም አያሳይም። ጥላ ረዘም ባለ ሰዓት ከኋላ ጥግ ቁጢጥ ብለው በጎኑ አግድም ይመልከቱ፤ ቀለሙ ላይ የሚታየው የአጥሩ መስመር ሳይሞገድ መሄድ አለበት። ጥሩ ባትላሜራ የተሰረጎደውን ብረት ከፊት በመዶሻ፣ ከኋላ በብረት ድጋፍ እየመታ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ስቱኮ የሚያስፈልገው ለመጨረሻዋ ስስ ልባስ ነው። ሰነፉ ጉድጓዱን በስቱኮ ይሞላል። ትንሽ ማግኔት በመሐረብ ጠቅልለው ያስጠጉ፤ የማይዝበት ቦታ ላይ ሞልተውታል። በጣትዎ መገጣጠሚያ ቢያንኳኩትም ብረቱ ይጮኻል፣ ስቱኮው ይታፈናል። የቀለሙን ዓይነት ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ፀሐይ ካልነካው ጥግ ጋር ያስተያዩ። የዚያ ዘመን ፒክአፕ ላዩ ላይ ቫርኒሽ የሌለው ቀለም ነበር የሚቀባው፤ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ከዘመኑ ወጥቷል።

በጣም የምፈራው ለሙት ዓመት እንዲደርስ የተጣደፈ መኪና ነው። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ዘመድ በሚሰበሰብበት ቀን ግቢው ውስጥ ቆሞ ቢታይ ማን ይጠላል? ነገር ግን በደንብ ሳይደርቅ የተቀባ ስቱኮ ከወራት በኋላ ይሟሽሻል፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት በቀለሙ ላይ ብቅ ይላል፤ በክረምት እርጥበት የተቀባም ይደበዝዛል። አንድ ክረምት ላላለፈበት ቀለም ምስክርነት አልሰጥም፤ ቤተሰቡ ቢቀየመኝም።

ከሥር ገብተው ቻሲውን ይዩ፤ አዲስ ጥቁር ቀለም የተደፋበት ካለ የሚደበቅ ብየዳ ይኖራል። ከፊት በቀኝ በኩል ቻሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከርም አይርሱ።

የእኛን መኪና ሲሠሩ አንድ ነገር ጠፋብኝ። በኪስ ሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ አባቴ ዘይት የቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ቁጥሮቹ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፣ የመጨረሻው መስመር ታኅሣሥ 1998። ጋራዡ ውስጥ ያለ ወጣት አሽቶ ቀባው። «ቆሽሾ ነበር» አለኝ፤ በደግነት ነው ያደረገው፣ እኔም አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ ያንን ክዳን ስከፍት ያመኛል። የክርኑ ቦታ የተረፈችው ቀለም ቀቢው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ይዘው ቆም ብለው «ልጄ፣ ይህችን ማን ነው የፋቃት?» ስላሉኝ ነው። ነገርኳቸው። በቴፕ ሸፍነው ዙሪያዋን ቀቡ፤ አዲሱ ቀለም ወደ ብረቱ ሲጠጋ እየሳሳ እንዲያልቅ አደረጉት። እኔ በየሁለት ወሩ ስስ ሰም አሸዋለሁ፣ ባዶ ብረት ነውና እንዳይዝግ። ዛሬ ባለሙያ ምረጥልኝ ለሚለኝ ሁሉ መኪናውን ወስደህ አሳየውና ዋጋ ከመናገሩ በፊት ስለ ሰውየው ምን እንደሚጠይቅህ ስማ እላለሁ።

ባለፈው ጥር ሁለት እህትማማቾች የአባታቸውን ፒክአፕ አሳዩኝ። ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ሞተሩ ጥሩ ነው። ወደ ኋላ ዞርኩ። የስፖንዳው ሰንሰለቶች አዲስ ናቸው፤ የለበሱት ከመነዳሪ ግን አሮጌ፣ በቢላ የተቆረጠ፣ በቀጭን ሽቦ የታሰረ። መንገድ ላይ እንዳይንኳኩ ብለው ያለበሷቸው አባትየው ናቸው። ባለሙያው ዝጎ ያለቀውን ሰንሰለት ሲለውጥ ጎማውን አጥቦ መልሶታል፤ ሽቦውንም አባትየው ባጠማዘዙበት አኳኋን፣ ወደ ግራ፣ አስሮታል። ታላቅየዋ ስፖንዳውን ከፍታ ለቀቀችው። ሰንሰለቱ አልተንኳኳም። ታናሽየዋ ፊቷን አዞረች፤ እኔም ከዚያ በኋላ ማግኔቱን ከኪሴ አላወጣሁም።