ወንበር ቀይሮ መከራከር

ሥልጠና ሲባል ቀድሞ አበል ትዝ ለሚለን ሰዎች፣ «ሊድ» የተባለው የአካባቢና ልማት አመራር ፕሮግራም ሊደነቅ ይገባዋል። የሮክፌለር ፋውንዴሽን በ1991 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው፣ ከሪዮው የምድር ጉባኤ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። የመረጠው ጀማሪውን ወይም ሚኒስትሩን ሳይሆን ሥራውን ጠንቅቆ ያወቀውን፣ ነገ ወሳኙ ወንበር የሚጠብቀውን ባለሙያ ነው። ከብራዚል፣ ከቻይና፣ ከህንድና ከናይጄሪያ የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች አብረው ተምረውበታል።

በእንዲህ ዓይነት ሥልጠና እኔን የሚማርከኝ የድርድር ልምምዱ ነው። የግድብ መሐንዲሱ ከግድቡ በታች የሚኖር ዓሣ አስጋሪ ሆኖ ይሟገታል፤ የደን ተቆርቋሪዋ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትር ሆና «በጀት የለም» ትላለች፤ ያውም ሳታፍር! ለዓመታት «ሕዝቡ አልገባውም» ሲል የኖረ ባለሙያ፣ ያልገባው እሱ ራሱ እንደነበር ቁጭ ብሎ ይሰማል። ይህን የትኛውም ስላይድ አያስተምርም።

ሠራተኛ የምትልኩ አለቆች፣ እባካችሁ ሲመለስ ሰርተፊኬቱን ፋይል ውስጥ ከታችሁ ዝም አትበሉ፤ የሚወስንበት ሥራ ስጡት።